የስልሳ ስምንት ሰዓቱ ጸሎተኛ

መጀመሪያ ይኼን ልናገርና ይውጣልኝ፤ እኔ የጸሎት ሰው አይደለሁም። ምግብ ሲቀርብ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ መኪናዬ አልነሳም ስትል ጌታን እጠራለሁ፤ እሁድ እሁድ ሰው ሲቆም እቆማለሁ፣ ሰው ሲቀመጥ እቀመጣለሁ። ከዚያ ያለፈ የለኝም። ይኼን የምለው እዚህ ሲያትል ከሬኒየር ቫሊ እስከ ቱክዊላ ድረስ ስለ እኔ ሌላ ነገር የሰማችሁ ካላችሁ እንድታርሙልኝ ነው። ወሬውን ያስወራብኝ ደግሞ ሰው አይደለም፤ የገዛ ኮምፒውተሬ ነው።

የምኖረው ብቻዬን ነው። ድሮ ቱክዊላ መጋዘን ውስጥ ነበር የምሠራው። እዚያ ጩኸቱ አይጣል ነበር፤ ፎርክሊፍቱ ይጮኻል፣ ሱፐርቫይዘሩ ይጮኻል፣ እኛም እርስ በርስ ለመስማማት እንጮኻለን። በኋላ ወገቤን ሲያመኝ ካምፓኒው አዘነልኝና ቤትህ ተቀምጠህ ሥራ አለኝ። አሁን ሥራዬ የሚገጣጠም ቁም ሣጥን ገዝተው ብሎን የጎደለባቸውን ሰዎች በጽሑፍ ማባበል ነው። ሰውየው «ብሎኑ የለም!» ብሎ ይጽፋል፤ እኔ «በጣም አዝናለሁ» ብዬ እጽፋለሁ። ቀኑን ሙሉ ሳዝን እውላለሁ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ሊፍት ውስጥ ጎረቤቴ «ሃይ» ሲለኝ ልመልስ ብል ድምፄ አልወጣ አለኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ እስክዘጋጅ ሰውየው ወርዶ ሄደ። ቆጥሬ ሳየው ለካ ከእሁድ ጀምሮ ከአፌ አንድ ቃል አልወጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሰው አለኝ። የቤት ኅብረታችን ወንድም መርዕድ ሳሎን ውስጥ ይሰበሰባል። ወንድም መርዕድ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሲጸልይም ፌርማታ የሚጠራ ነው የሚመስለው፤ ቀጥሎ የት እንደምንደርስ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ቅዳሜ ሻዩ ሳይቀርብ ብድግ አለና፣

«ቅዱሳን! ስክሪን በልቶናል!» አለ።

ሁላችንም ስልካችንን ወደ ኪሳችን ከተትን።

«ሶ፣ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ የሃያ አንድ ቀን የስክሪን ጾም እንይዛለን። ከሥራ ውጪ ስልክም ሆነ ኮምፒውተር የለም። ኦኬ?»

«ጾምኩ ማለትማ ቀላል ነው፤» አለች እህት ሰናይት። እህት ሰናይት የቤተ ክርስቲያናችን የኮምፒውተር ነገር ሁሉ በእጇ ያለ፣ ፕሪንተር እንኳ የሚፈራት ሴት ናት። «ፕሩፍ ያስፈልጋል። ኮምፒውተራችሁ ውስጥ አብሮት የመጣ መቆጣጠሪያ አለ፤ በምን ላይ ስንት ሰዓት እንዳጠፋችሁ ይቆጥራል። ኦን አድርጉትና ሰኞ ሰኞ ሪፖርቱን ፎቶ አንስታችሁ ግሩፑ ላይ ላኩ።»

«የጸሎት መስመሩስ?» አለ አንዱ።

«እሱማ መንፈሳዊ ነው፤ ከጾሙ ውጪ ነው፤» ተባለና በአሜን ጸደቀ።

የጸሎት መስመራችን ሰንሰለት ጸሎት ነው። ከጠዋት እስከ ምሽት አንዱ አንድ ሰዓት ይጸልይና ለቀጣዩ ያስረክባል። ድሮ በስልክ ነበር፤ አሁን በኮምፒውተር ስብሰባ ሆኗል። የእኔ ፈረቃ ረቡዕ ከሰዓት ነው። ያን ቅዳሜ ስለ ጾሙ ሰው ሁሉ ሲጨነቅ እኔ በሆዴ ደስ ብሎኛል። ፊልም አላይ፣ ጌም አልጫወት፣ ከማንም ጋር አልጻጻፍ። የሥራው ላፕቶፕ የካምፓኒው ነው፤ የራሴ ዴስክቶፕ ምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ምን ይሠራል? ምንም። እስቲ እንተያያለን አልኩ።

አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር፤ ስለለመድኩት ነገር መሆኑም ጠፍቶብኝ ነበር። ከወራት በፊት አንድ ረቡዕ ፈረቃዬን ጨርሼ መስመሩን ሳልዘጋው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ትንሽ ቆይቶ ቤቴ ውስጥ ሰው አስነጠሰ። ክው አልኩ! ዘወር ስል ከኮምፒውተሩ ነው። እማማ ጸዳለ ናቸው።

እማማ ጸዳለ ቱክዊላ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ትልቅ ሴት ናቸው። እሁድ እሁድ ከፊት ስለሚቀመጡ ከኋላቸው በስተቀር አይቻቸው አላውቅም። መስመሩ ላይ ግን ዋናዋ ችግረኛ እሳቸው ናቸው፤ ማይካቸውን አይዘጉም። ሰናይት በየቀኑ «እማማ፣ እባክዎ ሚዩት ያድርጉ» ትላለች፤ እሳቸው «እሺ ልጄ» ይላሉ፤ ከዚያ የነጠላ ጫማቸው ኮቴ ይቀጥላል። ሽንኩርት ሲከትፉ ይሰማል። ልብስ ማጠቢያ ማሽናቸውን ሲቆጡት ይሰማል፤ «ደግሞ ቆምክ? አሁን ምን ጎደለብህ? ሳሙና ነው? ሰጥቼህ የለ?»

ያን ዕለት ሳልዘጋው ዋልኩ። በማግስቱም ጠዋት ከፈትኩት። ከዚያ በቃ፣ ፊቴን ሳልታጠብ በፊት መስመሩን እከፍታለሁ። አላፍርም፣ ልናገረው፤ ቤቴ ውስጥ የሰው ድምፅ ሲኖር ምሳ ይበላልኛል። ከሌለ ቆሜ ዳቦ ጎርሼ እመለሳለሁ። የእኔ ማይክ እንደሆነ ከፈረቃዬ ውጪ እንደተዘጋ ነው፤ የሚሰማ ነገር ስለሌለኝ።

የመጀመሪያው የሪፖርት ሰኞ ደረሰ። ኮምፒውተሩ ሳይጠሩት ብቅ አለና የሳምንት ሪፖርትዎ ይኸውልዎ አለኝ። እኔ ኩራቴ ኩራት ነውና ከሁሉም ቀድሜ ልላክ ብዬ ሳላየው ፎቶ አንስቼ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። ሻይ ጥጄ ስመለስ ሰዓቱን የሚያሳየው ሰማያዊ ዘንግ ስክሪኑን አቋርጦ ሄዷል። የጸሎት መስመር፣ ስልሳ ስምንት ሰዓት። ሌላው ሁሉ ተደምሮ አሥራ ሁለት ደቂቃ፤ እሱም የአየር ሁኔታ ነው፤ ይዘንባል ወይ ብዬ የጠየቅኩት፣ ሲያትል ውስጥ እየኖርኩ!

አንድ አሥር ደቂቃ አለፈ። ከዚያ የ«ክብር ለጌታ!» ዝናብ ወረደ።

ቅዳሜ ወንድም መርዕድ ቁም አለኝ። ቆምኩ።

«ስልሳ ስምንት ሰዓት!» አለ እንባው ቀርቦ። «እኛ ስንቶቻችን ነን በሳምንት ስድስት ሰዓት የሞላልን? ይኼ ዝምተኛ ወንድማችን ቤቱን ዘግቶ ለእኛ ሲማልድ ከረመ!»

ልናገር ነበር። እምላለሁ፣ አፌን ከፍቼ ነበር። «አይደለም፣ ዝም ብሎ ተከፍቶ ነው» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እንዲህ በሙሉ ዓይናቸው ካዩኝ መቼ ነው? የመጀመሪያው ሳህን ለእኔ መጣ፤ አንዷ ትራስ ወገቤ ላይ አደረገችልኝ። «ክብር ለጌታ ይሁን» አልኩና ተቀመጥኩ። ይኼ ውሸት አይደለም፤ ግን እውነትም አልነበረም።

ከዚያ ስልኬ ይጮኽ ጀመር። የማላውቀው ሰው ሁሉ ኮል ያደርጋል። አንዷ ልጇ የመንጃ ፈቃድ ፈተና አለባት፤ ለሦስተኛ ጊዜ ነው፣ በሁለት መኪና መሃል ማቆሙ፣ ፓራለል ፓርኪንጉ ላይ ጸልይላት። አንዱ የሥራ ኢንተርቪው አለው። አንዱ ኩላሊቱ ውስጥ ጠጠር አለ፤ መጠኑን ሳይቀር ነገረኝ። ሁሉንም ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ «አይዞሽ»፣ «አይዞህ» እላለሁ። ደስ አለኝ እኮ! እያፈርኩ ደስ አለኝ። ልጸልይላቸውም ሞክሬያለሁ፤ ጠጠሩ ጋ ስደርስ እማማ ጸዳለ ማሽኑን መቆጣት ጀመሩና ሐሳቤ ተሰረቀ።

ሁለተኛው ሰኞ ሰባ ሰዓት ሞላ። በዚህ ከቀጠለ የሚሾሙኝ መሰለኝና ፈራሁ። ቁጥሩን ቀስ በቀስ ላውርደው አልኩ። መቆጣጠሪያው ለካ ገደብ ማስገቢያም አለው፤ ለአንድ ፕሮግራም በቀን ይኼን ያህል ሰዓት ብላችሁ ትወስናላችሁ፤ ሲያልቅ ይዘጋባችኋል። ለጸሎት መስመሩ ሁለት ሰዓት ሰጠሁት። ራሴን ስለማውቅ ደግሞ የይለፍ ቁጥር አደረግኩበት፤ ማንም የማይገምተው ቁጥር። እውነትም ማንም አልገመተውም፤ እኔም ጭምር።

በማግስቱ ማክሰኞ ከሌላ ከተማ እንግዳ መጋቢ መስመሩ ላይ ገቡ። አርባ የሚሆን ሰው አለ። ወንድም መርዕድ «መዝጊያውን ጸሎት ያ ወንድማችን ያድርግ» አለ። ላብ በላብ ሆኜ ማይኬን ከፈትኩ፤ እንደ ወንድም መርዕድ ድምፄን አወፍሬ ጀመርኩ፤ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ከአንተ የምንለምነው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሱም...»

ስክሪኑ ግራጫ ሆነ። ጊዜዎ አልቋል፣ ይላል።

ወይ ጉድ! የልደት ቀኔን መታሁ፤ እምቢ። የቤት ቁጥሬን፤ እምቢ። ኮምፒውተሩ እየቆየ «እንደገና ይሞክሩ» ይለኛል፣ በትሕትና፣ እኔ ለብሎን ሰዎች እንደምጽፈው። አጥፍቼ አብርቼ፣ ኢሜይል ልኬ፣ ማረጋገጫ ቁጥር ተቀብዬ ገደቡን ነቅዬ እስክመለስ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ስገባ አርባው ሰው አለ። ሁሉም ይጮኻል። ለእኔ ነው የሚጸልዩት።

«ተመለሰ!» አለ ወንድም መርዕድ ድምፁ ተሰብሮ። «ጠላት አፈረ! አያችሁ አይደል፣ ገና ትልቁን ነገር ሊጠራው ሲል ነው የቆረጠበት!»

ከዚያ በኋላ ማን ያድነኛል? ማታውኑ ደወልኩለት።

«ወንድሜ፣ እኔ ያን ያህል አልጸልይም። ኮምፒውተሩ መስኮቱ የተከፈተበትን ሰዓት ነው የሚቆጥረው እንጂ ጸሎቱን አይደለም። ገደቡንም ያስገባሁት እኔው ነኝ።»

በለሆሳስ፣ «አየህ ትሕትና!» አለኝ። «ለዚህ ነው ከነገ ጀምሮ የመስመሩ ሆስት አንተ ነህ ብለን የወሰንነው።»

ሆስት ማለት መስመሩን የሚከፍት፣ የሚዘጋ፣ ሰው የሚያስገባና ዝም የሚያሰኝ ማለት ነው። በነጋታው ገና ወንበሬ ላይ ሳልደላደል እህት ሰናይት ጻፈችልኝ። «ሆስት ሆንክ አይደል? ሶ፣ በመጀመሪያ እማማ ጸዳለን ሚዩት አድርጋቸው። ትናንት ለታመሙ እየጸለይን ሽንኩርት ጠበሱብን። ሰው እየራበው ከመስመሩ እየወጣ ነው።»

ከዚህ ሁሉ አርባ ሰው መካከል እኔ የምፈልገው አንድ ድምፅ ነው፤ እሱን በገዛ እጄ ዝጋ ተባልኩ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት። ቆይ አልኳት። ከሰዓት በኋላ እንደገና ጻፈች፤ ሌሎችም ጻፉ። ምን ላድርግ? መዝጊያውን ተጫንኩት።

ቤቱ እርጭ አለ። የሚጸልየው ሰው ይጸልያል፤ እሱስ አለ። ግን ኮቴው የለም፣ ቢላው የለም፣ ማሽኑን የሚቆጣው የለም። የእኔ ፍሪጅ እንዲህ እንደሚያቃስት አላውቅም ነበር። ወዲያው ደግሞ «እህህ» የሚል ሳል ሰማሁ። ማይካቸው ተከፍቷል። በስህተት ነክተውት ይሆናል ብዬ ዘጋሁት። ተከፈተ። ዘጋሁት። ተከፈተ። እኔ ስዘጋ እሳቸው ሲከፍቱ ዘጠኝ ጊዜ ደረስን። ቁልፉ የት እንዳለ አያውቁም ያልናቸው ሴትዮ ለመክፈት ሁለት ሴኮንድ አይፈጅባቸውም!

«ራሳቸው እንዳይከፍቱት የሚያደርግ ሴቲንግ አለ፤» ብላ ሰናይት ቦታውን በቀስት አሳይታ ላከችልኝ። እሱንም አደረግኩት። እጄን ይቁረጠው፣ አደረግኩት። ከስማቸው ጎን ያለችው ቀይ ማይክ ቀይ እንደሆነች ቀረች።

ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ።

«ማነህ አንተ? አንተ ነህ የዘጋኸኝ?»

«አቤት እማማ፤ እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምን በደልኩህ?»

«ኧረ እማማ! ሰው ተረበሸ ተብሎ ነው። መዝጊያውን የት እንደሆነ ላሳይዎት ነበር...»

«መዝጊያውንማ ከአንተ በፊት አውቀዋለሁ! ሰናይት አራት ጊዜ አሳይታኛለች፣ ወረቀት ላይም ሥላልኛለች። እኔው ነኝ የማልዘጋው።»

«ለምን እማማ?»

ሲመልሱልኝ ቁጣው ወርዶ ነበር።

«ዓምና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቅኩ። ልጄ ሥራ ላይ ናት። እሷ እስክትመጣ ተጋድሜ ዋልኩ። ብጣራ ማን ሊሰማኝ? ግድግዳው? ከዚያ ወዲህ ከፍቼ እተወዋለሁ። ብወድቅ አንድ ሰው ይሰማል ብዬ ነው፤ በቃ። አሁን ሳቅ።»

«አልስቅም እማማ።»

«ደግሞ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ጨርሶ ይወጣል። አንድ ስም ግን አይወጣም። ጠዋት ስከፍት አለ፤ ማታ ስዘጋ አለ። ፎቶ እንኳ የለውም። እኔ ለእሱ ነው የማወራው። ያን ማሽን ስቆጣው እንኳ፣ ይስቅ ይሆን እላለሁ።»

«ማነው እሱ?» አልኳቸው፤ እያወቅኩ።

«አንተ ነሃ! ስምህን ዛሬ ከስልክህ ጋር ሲለጥፉት አይደል ቁጥርህን ያገኘሁት? እሱው ራሱ ዘጋኝ፤ ይኼ ነው ያናደደኝ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? እኔ አልጸልይም ነበር። ስልሳ ስምንት ሰዓት የሚሉት ሁሉ ውሸት ነው። እርስዎን ነበር የምሰማው።»

«እኔን?»

«እርስዎን።»

«ሽንኩርቱንም?»

«ሽንኩርቱንም።»

«ወይ ልጄ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ቅዳሜ ሳሎኑ መሃል ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ትሕትና የሚል ሰው እንዳይኖር እማማ ማሽኑን ከሚቆጡት ጀምሮ በዝርዝር። ሰናይት ሳቀች። ወንድም መርዕድ አልሳቀም፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ሆስትነቱን ለሌላ ሰጠ። የእማማን መውደቅ ስነግራቸው ሁሉም አንገታቸውን ደፉ፤ ሰናይት በየሁለት ሰዓቱ ልትደውልላቸው ቃል ገባች። የእኔ ስልክ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጭጭ አለ። ያቺ ልጅ ፓርኪንጉን አለፈች አላለፈች የነገረኝ የለም። አይ እኔ፣ ከፋኝ፤ ጸሎተኛ ሳልሆን የጸሎተኛ ወግ ለምጄ ነበር።

እማማ ጸዳለን ግን መልሼ ደወልኩላቸው። መስመሩን የማይረብሽ፣ ለሁለታችን ብቻ የሚሆን ስብሰባ ልክፈት ወይ አልኳቸው።

«ሁለት ሰው ብቻ ስብሰባ ይባላል?» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ክፈት» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ከፈትኩት። ገቡ። ነጠላ ጫማው፣ ድስቱ፣ ሳሉ፤ ሁሉም ደህና ናቸው። እኔም ወደ ብሎኖቼ ተመለስኩ። ምሳ ሰዓት ላይ፣

«አለህ?» አሉ።

«አለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

«አትጻፍብኝ፤ መነጽሬ እዚህ የለም። ማይክህን ክፈተው እንጂ።»

ከፈትኩት።

«እህ? አሁንም አይሰማም እኮ።»

«ተከፍቷል እማማ።»

«ታዲያ ቤትህ ውስጥ ምንም የለም?»

ዞሬ ቤቴን አየሁት። ምንም የለም። ተነሳሁና ከመደርደሪያው ንጹሕ ብርጭቆ አንስቼ፣ ቧንቧውን ለቀቅ አድርጌ ማጠብ ጀመርኩ።

«እሱ ነው!» አሉ እማማ ጸዳለ። «እሰይ፣ አሁን ሰማሁህ። ምሳ የበላህበትን ዕቃ ነው የምታጥበው?»

«አዎ እማማ።»

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው» አልኳቸውና ሌላ ብርጭቆ አወረድኩ።